ከበዓሉ በኋላ

ዛሬ ነገ ማለት በጥናት መልክ ሲበየን፣ አንድ ሰው መሠራት እንዳለበት የሚያውቀውን፣ ሊሠራውም የሚችለውን፣ ቢያቆየው እንደሚጎዳው የማይጠራጠረውን ሥራ ማንም ሳያስገድደው ወደ ሌላ ጊዜ የማሻገር ጠባይ ነው። በዚህ ብያኔ ውስጥ ስንፍና እንዳልተጠቀሰ ልብ ይሏል፤ ሰነፍ ሰው ሥራውን ከነአካቴው ረስቶት በሰላም ይተኛል፣ ዛሬ ነገ የሚል ሰው ግን በየማለዳው እያነሣ በየማታው ስለሚጥለው አንዱን ሥራ ሳይሠራ ደጋግሞ ይደክምበታል። በጉዳዩ ላይ የጻፉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ጠባዩን ከሰዓት አጠቃቀም ጉድለት ይልቅ ከስሜት ጋር ማያያዝ ከጀመሩ ቆይተዋል፤ በእነርሱ አመለካከት ሰው የሚሸሸው ከሥራው ጋር ተያይዞ የሚመጣውን መሰላቸት፣ ሥጋትና መታከት ሲሆን፣ ለነገ ማለቱ ለጊዜው እፎይ ስለሚያሰኘው በማግስቱም ያንኑ እፎይታ ይሻል።

ጥናቶቹ ግን አንድ ነገር ይጎድላቸዋል። የሚመረምሩት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን የሚኖር፣ ወይም ቢያንስ በመጠይቁ ላይ ብቻውን የሚቆጠር ነው፤ ሥራውን ቢያቆይ ዕዳውም የራሱ፣ ጸጸቱም የራሱ ነው። አባት፣ እናት፣ ሦስት ልጆች፣ አንዲት አያት እና ለትምህርት ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር በሚያድሩበት ቤት ግን ዕዳው ከባለዕዳው ትከሻ ወርዶ በቅርብ ወደተገኘው ሰው ይተላለፋል፣ ጸጸቱም በመካከሉ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይቀራል።

ከዚህ ጠባይ ጎን ለጎን የሚሄድ ሌላ ዝንባሌ አለ። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉት የሥነ ልቦና ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1979 የዕቅድ ስሕተት ብለው የሰየሙት ሲሆን፣ ሰዎች ያለፈው ሥራቸው ምን ያህል ጊዜ እንደፈጀ እያወቁ የሚመጣው ግን ያለ አንዳች እንከን እንደሚያልቅ አድርገው የሚገምቱበት ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 በካናዳ ተመራማሪዎች በታተመ አንድ ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጻፍ ላይ የነበሩ ተማሪዎች መቼ እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 33.9 ቀን አሉ፤ ሁሉ ነገር እንዳይሆን ሆኖ ቢበላሽስ ሲባሉ ደግሞ 48.6 ቀን አሉ፤ ሥራው የፈጀው 55.5 ቀን ነው። ይህ ከዐቢይ ጾም በግማሽ ቀን ይበልጣል፤ ልዩነቱ ጾሙ በተባለበት ቀን የሚፈታ መሆኑ ነው።

የዕቅድ ስሕተት በቤተሰብ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ያለበትን ቤት መውሰድ ይበቃል። ብልሽቱ በውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ማርጀቷ ነው፤ ባለሙያ ቢመጣ ሻይ ተፈልቶ ሳይቀርብለት ጨርሶ ይሄዳል። እናት ማታ «ቧንቧ የሚሠራውን ልጅ ዛሬም አልጠራኸውም?» ትላለች፤ አባት ዓይኑን ከዜናው ሳይነቅል «ነገ በጠዋት እደውልለታለሁ» ይላል፤ የአባት እናት የሆኑት አያት ከጥግ ሆነው «ተይው ልጄ፣ ደክሞት ነው የገባው» ይላሉ፤ እናትም ከሥራ የገባችው ከእርሱ ኋላ እንደሆነ የሚያነሣ አይገኝም። በዚህ መካከል አንድ ሰው ከቧንቧው ሥር ባልዲ ያስቀምጣል። ባልዲው እስኪሠራ ድረስ ተብሎ የገባ ጊዜያዊ መፍትሔ ነው፤ ሆኖም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የተጠራቀመ ውሃ ስለማይደፋ በሳምንቱ ወለል ይታጠብበታል፣ በሁለተኛው ሳምንት ለአበባው ይውላል፣ በወሩ ደግሞ «የቧንቧው ባልዲ» የሚል ስም ያወጣና ከቤቱ ዕቃዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ከዚህ በኋላ ቧንቧው ይሠራ ቢባል እንኳ ወለሉ በምን ይታጠባል የሚል ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ባልዲውን ሌሊት ሞልቶ እንዳይፈስ ተነሥቶ የሚገለብጠው ለትምህርት የመጣው የአጎት ልጅ መሆኑን መናገር ሳያስፈልግ አይቀርም፤ እርሱ ግን በዚህ ቤት ውስጥ ስለ ቧንቧ ሲነገር አስተያየት የመስጠት መብት የለውም።

ዛሬ ነገ ማለት በሙሉ ቁመቱ የሚታየው በበርበሬ ላይ ነው። የዓመት በርበሬ ማዘጋጀት ረጅምና ፀሐይ የሚፈልግ ሥራ ነው፤ ዛላው ከመኸር በኋላ በብዛት ወደ ገበያ ሲገባ ይገዛል፣ ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብልና ከበሶብላ ጋር ይወቀጣል፣ እንደገና ይደርቃል፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ሆኖ ወፍጮ ቤት ይደርሳል። ስለዚህ ዓመቱ ራሱ ለሥራው ሰፊ በር ከፍቶለታል ማለት ነው፤ በጋ ረጅም ነው፣ ፀሐይም በነጻ ነው። ቤተሰቡ በኅዳር መጀመሪያ ላይ ተሰብስቦ ዘንድሮ ቀድመን እንሥራ ብሎ በአንድ ድምፅ ይወስናል። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ በጾም ጉልበት የለምና ከገና በኋላ ይባላል። ገና ታኅሣሥ 29 ያልፋል፤ ጥምቀት ደጃፍ ላይ ስለሆነ በርበሬ ተሰጥቶ እንግዳ አይገባም ይባላል። ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ያለው ጥር የሠርግ ወር ነው፤ አንዱ ቅዳሜ የጎረቤት፣ አንዱ ቅዳሜ የዘመድ፣ አንዱ ደግሞ የሥራ ባልደረባ ሠርግ ሆኖ ያልቃል። ቀጥሎ ዐቢይ ጾም ይያዛል፤ 55 ቀን ነው፤ መጀመሪያ ላይ ገና ብዙ ጊዜ አለ ይባላል፣ መጨረሻው ላይ ሰሙነ ሕማማት ገብቶ ወገብ በስግደት ይያዛል፣ ስለዚህ ከፋሲካ በኋላ ይሆናል። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ሁሉም ሰው የበላውን እስኪያዋሕድ ግንቦት ይገባና ልጆቹ ለፈተና ይቀመጣሉ።

በመጨረሻ ዛላው የሚገዛው በሰኔ ነው። ዋጋው ከኅዳሩ ጋር እንደማይገናኝ እናት እያወቀች ዝም ትላለች፣ አባት ግን እንደ አዲስ ነገር ተገርሞ ስለ ኑሮ ውድነት ረዘም ያለ ንግግር ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ያለው የቤተሰቡ ሕይወት የሚመራው በደመና ነው፤ ሰፌዱና ሸራው ረፋድ ላይ ይወጣሉ፣ ሰማዩ ሲጠቁር አያት ከበረንዳ ሆነው «ኧረ በርበሬው!» ብለው ይጮሃሉ፣ ቤት ውስጥ ያለው ሁሉ ደብተሩንም ሽንኩርቱንም ጥሎ ይወጣል፣ ሁሉም ሲገባ ፀሐይ ትመለሳለች። ይህ በቀን ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ልጆች በጣም ስለሚደሰቱበት የቤተሰቡ ፍቅር ከፍ የሚልበት ወቅት ነው ማለት ይቻላል። በርበሬው ግን ሻጋታ ይጀምረዋል፤ የሻገተው ተለቅሞ ይጣላል፣ የቀረውም ለዓመት ቀርቶ ለመስቀል እንኳ ስለማይበቃ ጎደሎው ከሱቅ በኪሎ ይሟላል፣ ባለሱቁ በበርበሬው ውስጥ ምን እንደቀላቀለበት ደግሞ እስከ ጥቅምት ድረስ ይወራል። በጥቅምት መጨረሻ ላይ ዘንድሮ ቀድመን እንሥራ የሚል ሐሳብ ይቀርባል።

ከበርበሬው ታሪክ አንድ ጠቃሚ ፅንሰ ሐሳብ ማውጣት ይቻላል፤ የበዓል ድንበር ሊባል ይችላል። የበዓል ድንበር ማለት ከእርሱ ወዲህ ያለው ጊዜ ለሥራ የማይመች፣ ከእርሱ ወዲያ ያለው ጊዜ ግን ሰፊና ባዶ መስሎ የሚታይበት የቀን መቁጠሪያ ምልክት ነው። የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር 13 ወር ያለው ከመሆኑም በላይ ጾሙ፣ ፍስኩ፣ ወርኃዊ በዓሉና ዓመታዊው ክብረ በዓል እየተጠላለፉ ስለሚሄዱ የበዓል ድንበር የማይገኝበት ሳምንት ማግኘት ያስቸግራል፤ ሙስሊም ቤተሰብም ከረመዳን በኋላ፣ ከዒድ በኋላ፣ ቀጥሎም ከዐረፋ በኋላ እያለ ዓመቱን ይሻገራል፣ ጎረቤታሞች ሲሆኑ ደግሞ አንዱ የሌላውን ድንበር ይዋሳል። እውነቱን ለመናገር ከበዓል በፊት ጊዜ የለም፣ ከበዓል በኋላ ገንዘብ የለም፤ በሁለቱ መካከል ያለው በዓሉ ራሱ ነው፣ በእርሱ ቀን ደግሞ ሥራ አይሠራም።

የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ካርድ ጉዳይ አጠር ያለ ቢሆንም አንድ ትምህርት አለው። የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ፣ ማለትም ሂሳቡ አስቀድሞ ተሞልቶ ሲያልቅ ኃይል የሚያቋርጠው ቆጣሪ፣ ገንዘቡ ማለቁን አስቀድሞ ያሳያል፤ ምልክቱን ያየ ሰው ሌላውም አይቶታል ብሎ ያልፋል፣ ያላየውም አንድ ሰው ሞልቶታል ብሎ ይገምታል። መብራቱ የሚጠፋው ታዲያ ሁልጊዜ እናት እንጀራ ስትጋግር፣ ገና አምስተኛው ምጣድ ላይ እንዳለ ነው። ቤተሰቡ ይህን እንደ መጥፎ ዕድል፣ አያት ደግሞ እንደ ሰው ዓይን ይቆጥሩታል፤ ነገሩ ግን በቀላሉ ሊብራራ ይችላል፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንድ ተራ ቤት ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ይበልጥ ኃይል የሚበላ ስለሆነ፣ በአምፖልና በቴሌቪዥን ሦስት ቀን ሊያዘግም ይችል የነበረውን ቀሪ ሂሳብ በአንድ ጋገራ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ካርዱን ማስሞላት ያቆየው ማንም ይሁን ማን፣ በጨለማ ቤት ከግማሽ ሊጥ ጋር የሚፋጠጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሊጥ ደግሞ ቀጠሮ አይቀበልም፤ አብሲቱ ከተጣለ፣ ኩፍ ካለ በኋላ ነገ በጠዋት ቢሉት ይሆመጥጣል።

እስካሁን የተባለው ቤተሰቡ ሁሉን ነገር የሚያቆይ ያስመስላል፤ እንዲህ ብሎ መደምደም ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ያው ቧንቧውን ስድስት ወር ያንጠባጠበ ቤተሰብ፣ ወንድ ልጅ ሲወለድ በአርባ፣ ሴት ስትወለድ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ያስነሣል፤ አንድ ቀን አያሳልፍም፣ ድግሱም ሳይጎድል በሰዓቱ ይቀርባል። ጎረቤት ሞተ ሲባል ያ ዜና ሲያይ ከወንበር አልነሣ የሚለው አባት ጋቢውን ደርቦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ድንኳን ሲተክል ይታያል። ዕቁቡን ያለማቋረጥ ይጥላል፤ ለብቻው በባንክ ይቆጥብ ቢባል ከዓመት ዓመት የሚያስተላልፈውን ገንዘብ ለዕቁቡ ዳኛ ግን በተባለው እሑድ፣ ያውም ተበድሮም ቢሆን ያደርሳል። የእድር ስብሰባ ቀርቶ ቅጣት የከፈለበት ጊዜ ትዝ አይለውም። ሚስጥሩ ያለው ሥራውን የሚጠብቀው ሰው ከግቢው አጥር ውጭ በመኖሩ ላይ ነው፤ ካህኑ፣ ለቀስተኛው፣ ዳኛው፣ ጸሐፊው «እገሌ ቀረ» ሊሉ የሚችሉ ሰዎች ናቸው። ቧንቧውንና በርበሬውን የሚጠብቁት ግን እነዚያው የቤት ሰዎች ናቸው፤ የቤት ሰው ደግሞ ይቅር ይላል፣ ይቅር ባይልም ማታ እራት ያቀርባል። ቤተሰብ ውስጥ የሚቆየው ሥራ ከባዱ ሥራ እንዳልሆነ፣ ለወዳጅ ብቻ የሚሠራው ሥራ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ ይህም ስለ ሰው ልጅ ጠባይ የሚናገረው ነገር እምብዛም የሚያኮራ አይደለም።

ግብርም ቢሆን ጠባቂው ከአጥር ውጭ ስለሆነ ቀኑ አያልፍበትም፣ እስከ ዋዜማው ግን ይቆያል፤ ለረጅም ዓመታት ደረጃ ሐ ይባሉ የነበሩት ግብር ከፋዮች ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ሙሉ ወር ተሰጥቷቸው ሳለ፣ በሐምሌ 29 የሚታየውን ሰልፍ ያየ ሰው ወሩ ሁለት ቀን ብቻ ያለው ይመስለዋል።

ዛሬ ነገ ማለት የትምህርት ደረጃ እንደማይለይ የሚያረጋግጥ አንድ ምስክርነት በምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ዘንድ ይታወቃል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ ሊቅ ሕንድ ውስጥ ለአንድ ዓመት ሲኖር፣ ወዳጁ ጆሴፍ ስቲግሊትዝ ሊጠይቀው መጥቶ በሻንጣ ገደብ ምክንያት አንድ ሣጥን ልብስ ትቶበት ይሄዳል፤ አከርሎፍ ሣጥኑን ወደ አሜሪካ መላክ የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ እንደሚሆን ገምቶ፣ ከስምንት ወር በላይ በየማለዳው ነገ እልከዋለሁ እያለ ከቆየ በኋላ ከሌላ ወዳጁ ጭነት ጋር ቀላቅሎ እንደላከው እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ገልጿል። ያወጣው ንድፈ ሐሳብም ቀላል ነው፤ ዛሬ የሚጠይቀው ድካም ገዝፎ ይታያል፣ አንድ ቀን መቆየቱ የሚያስከትለው ጉዳት ግን ኢምንት ስለሆነ በየቀኑ ማቆየቱ ያዋጣል፣ የኢምንቶቹ ድምር ግን ከድካሙ እጅግ ይበልጣል። ሁለቱ ሰዎች ከማይክል ስፔንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል፤ ሽልማቱ ስለ ሣጥኑ አልነበረም።

በአዲስ አበባና በዋሽንግተን መካከል የሚመላለሰው የሽሮና የድርቆሽ ጭነት የሚተዳደረው በዚሁ ንድፈ ሐሳብ ነው። አንድ መንገደኛ ሊሄድ መሆኑን ከሦስት ሳምንት በፊት ይናገራል፤ እሱ የሚሄደው ገና ነው ይባላል። ለወትሮው በሁለት ሻንጣ ሃያ ሦስት ሃያ ሦስት ኪሎ የተፈቀደለት ይህ ሰው ግማሹን ቦታ ለራሱ ዕቃ አስቦ ይተኛል። የጉዞው ዋዜማ ማታ ላይ ግን ሦስት ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ በሩን ያንኳኳሉ፤ ሽሮው ከወፍጮ ቤት አሁን ስለደረሰ ገና ትኩስ ነው፣ ቆሎው ሳይበርድ በላስቲክ ስለታሰረ ላብ አውጥቷል፣ ቡናውም ከሱቅ በመንገድ ላይ የተገዛ ነው። እናቶች ሚዛኑን እያዩ «ይቺን ብቻ ልጄ፣ ይቺማ ምን ትመዝናለች፣ ለልጄ የእናቷ እጅ ነው» ይላሉ። መንገደኛው ጨዋ ልጅ ስለሆነ የራሱን ጫማ ያወጣል። እዚያ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው ልጅ በበኩሏ ዕቃው እንደደረሰ ይነገራታል፣ ሄዶ መቀበያው መንገድ አርባ ደቂቃ ስለሆነ ቅዳሜ እመጣለሁ ትላለች፤ ስንት ቅዳሜ እንደሚያልፍ ግን የሚያውቀው ዕቃውን በኮሪደር ያስቀመጠው ሰው ነው።

ጠባዩን ግን ከሁሉ አቅጣጫ መውቀስ ፍትሐዊ አይሆንም። በፋሲካ ዋዜማ በግ ለመግዛት እስኪመሽ የቆየ አባወራ አንዳንድ ዓመት ይቀናዋል፤ ከገጠር በግ ነድተው የመጡ ሻጮች ያልተሸጠውን ይዘው ላለመመለስ ሲሉ ዋጋ ይለቃሉ፣ አባወራውም በጉን በትከሻው አድርጎ እንደ ድል አድራጊ ይገባል፣ ቀድሞ የገዛውን ጎረቤቱንም በአጥር ላይ ዋጋ ይጠይቀዋል። በሌላ ዓመት ደግሞ በግ ተራው ባዶ ሆኖ ማንም ያልፈለገውን አንድ ቀንዳም አውራ ይዞ ይመጣል፣ ቤተሰቡም እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ ያኝካል። ሰዎች የሚያስታውሱት የመጀመሪያውን ዓመት ነው፤ የጠባዩ ዕድሜ የሚራዘመውም በዚህ ነው።

ከበጉ ይልቅ የሚያኮራው የሽምግልና ቀጠሮ ነው። ባልና ሚስት ተጣልተው ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ሲቀርብ፣ ነገር የሚያውቁ ሽማግሌዎች በመጀመሪያው ቀን አይፈርዱም፤ ሁለቱንም ወገን ሰምተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እስቲ እናንተም እደሩበት፣ እኛም እንደርበት» ብለው ለሚቀጥለው እሑድ ይቀጥራሉ። በእሑዱ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ስላለበት ለሌላ እሑድ ይሆናል። በዚህ መካከል ባል የካልሲው ቦታ ይጠፋበታል፣ ሚስት የቤት ኪራዩን ቀን ልታስታውሰው ትገደዳለች፣ ልጅ ትኩሳት ይይዘውና ሁለቱም ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያድራሉ፣ ሽማግሌዎቹ በሦስተኛው እሑድ ሲሰበሰቡ ተጣዪዎቹ ምን እንዳጣላቸው በትክክል ለመናገር ይቸግራቸዋል። የበሰለ ሰው ማቆየትን በዚህ መልኩ እንደ መሣሪያ ይጠቀምበታል፤ ቁጣን፣ የስድብ መልስን፣ ወንድምን ከውርስ መንቀልንና በብድር ሶፋ መግዛትን የመሳሰሉ ጉዳዮች ለነገ ቢተላለፉ የሚጎዳ ሰው የለም። ችግሩ ቧንቧ የሚያስተላልፈው አባወራ ራሱን ከሽማግሌዎቹ ተርታ መመደቡ ነው፤ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላል፣ «ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ» ይላል፤ ጅብ ከሄደ ስለጮኸው ውሻ የሚናገረውን ተረት ግን ከእናት አፍ እንጂ ከእርሱ አፍ የሰማው የለም።

ልጆች ይህን ሁሉ ሳያስተምሯቸው ይማራሉ። ዓርብ ማታ የተሰጠ የቤት ሥራ እሑድ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ያውም ካርቶን፣ ማስቲሽና የዓለም ካርታ ይዞ መምጣት እንደሚያስፈልግ በሚገልጽ ወረቀት ታጅቦ ከቦርሳ ይወጣል። ልጁ እስከዚያ ድረስ ስንት ጊዜ የቤት ሥራህን ሥራ ተብሎ ሁልጊዜ «እሺ» ብሎ መልሷል፤ እሺ ከሺህ ይበልጣል በሚባልበት አገር ደግሞ እሺ ያለን ልጅ መቆጣት ያስቸግራል። አባት ለቁጣ አፉን ሲከፍት ልጁ ቀና ብሎ ወደ ባልዲው ካየ ክርክሩ በዚያው ይቋጫል። ካርቶኑን ፍለጋ በጨለማ ሱቅ ለሱቅ የሚዞረው ማን እንደሆነ የተባለውን የተከታተለ አንባቢ ይገምታል።

መፍትሔን በተመለከተ፣ ዳን አሪየሊና ክላውስ ቨርተንብሮክ የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ የጊዜ ገደብን ለራሳቸው የወሰኑ ተማሪዎች ሁሉን ለመጨረሻ ቀን ካስቀመጡት የተሻለ እንደሠሩ፣ ከውጭ በእኩል ርቀት የተከፋፈለ ገደብ የተጣለባቸው ደግሞ ከሁለቱም እንደበለጡ አሳይተዋል። በቤት ውስጥ ከውጭ የሚጣል የጊዜ ገደብ እንግዳ ይባላል። አማቾች እሑድ ይመጣሉ ከተባለ ሐሙስ ማታ አምፖሉ ይቀየራል፣ ዓርብ የበሩ እጀታ ይጠብቃል፣ ቅዳሜ መጋረጃው ታጥቦ ይሰቀላል፣ ከዓመት በፊት ለመጠገን የተወሰደው ወንበርም ከአናጢው ቤት ይመለሳል፤ በሁለት ቀን ተኩል ውስጥ የአንድ ዓመት ሥራ ያልቃል፣ አባትም ላቡን እየጠረገ ይህ ቤት ያለ እርሱ ምን ይሆን እንደነበር ጮክ ብሎ ያስባል። ይህን የደረሱበት ብልኅ እናቶች እንግዳ የሚጠሩት ናፍቀው ብቻ አይደለም።

ዘዴው ግን አንድ ክፍተት አለው፤ መጥራቱ ራሱ የቤት ሥራ ነው። «አንድ እሑድ እኛ ቤት መምጣት አለባችሁ» የሚለው ግብዣ በየሠርጉና በየለቅሶው ከቀረበ ሁለት ዓመት የሆነው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም፤ ተጋባዦቹም በበኩላቸው «እንዲያውም እኛ ነን የምንጠራችሁ» ብለው ዕዳውን ይመልሱታል። ቀኑ እንዳይቆረጥ ጾም ነው፣ በጾም ደግሞ ምን ተሠርቶ ይቀርባል፤ ጾሙ ሲፈታ ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሳሎኑ ግድግዳ አምና ጣሪያው ካፈሰሰ ወዲህ ካርታ የመሰለ እድፍ ይዞ ስለቀረ ቀለም ሳይቀባ አማቾችን መጥራት ውርደት ይሆናል ይላል አባት፤ በዚህ ነጥብ ላይ እናትም ትስማማለች። ቀለም ቀቢው ተጠርቶ መጥቶ አይቶታል፤ ክረምቱ እስኪወጣ ግድግዳው ስለማይደርቅ አሁን መቀባት ቀለም መጣል ነው ብሎ ሄዷል።